የወይራው ዋሽንት

ዶርቃስ ዋሽንቱን በነጠላ ጫፍ ጠቅልላ አምቦ ድረስ አመጣችልኝ። ክራርና ማሲንቆ እጠግናለሁ፤ ከሰው ብዙም ስለማልገጥም ሥራው ይስማማኛል።

«ደንዲ ያለውን የአባቴን ጎጆ ስናፈርስ ከጣሪያው ሣር ውስጥ ወደቀ» አለች። «አጎቴ ኦቦ ዋቆ የሠራለት ከሆነ አባቴ አላቃጠለውም ማለት ነው። እወቅልኝ።»

አባቷ ጴንጤ ሲሆኑ የዘፈን ዕቃ ከቤት ይውጣ ተባሉ። አቃጠልኩት አሉ። ኦርቶዶክሱ ወንድማቸው ዋቆ በእጃቸው ሠርተው የሰጡት እሳት ገባ ሲባሉ ተቀየሙ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። ባለፈው ክረምት አባቷ ሲሞቱ ዋቆ ለቀብር አልመጡም።

ጥላሸቱን በዘይት ጨርቅ ሳነሳው ሸምበቆ እንዳልሆነ ታየኝ፤ በጋለ ብረት የተቦረቦረ ወይራ ነው። ቀዳዳዎቹ በሰም ተደፍነዋል። የሚያቃጥል ሰው ነቀዝ እንዳይገባበት አይደፍንም። ሰሙን አሙቄ አወጣሁ፤ ስንጥቁን በጅማት አሰርኩ። ውስጡን ስጠርግ መሃል ላይ እንደ ደረጃ የሚይዝ ነገር አገኘሁ። ልፍቀው ብዬ ተውኩት፤ የሠሪው እጅ ይሆናል።

ጊንጪ ኦቦ ዋቆ ቤት አብረን ሄድን።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ዋቆ» አልኩ።

«አለሁ። ልታጠምቁኝ ከሆነ ውሃው ይሙቅ፤ ቁርጥማት አለብኝ።»

ዶርቃስ ሳቅ አለችና ዋሽንቱን ሰጠቻቸው። ከመጥረጊያው አንድ ስንደዶ መዘው ወደ ውስጥ ሰደዱ። መሃል ላይ ያዘ። ገልብጠው ሰደዱ። እዚያው ያዘ።

«ከሁለት ጫፍ ስበሳው መሃል ላይ አልገጠመልኝም» አሉ። «ልጥለው ስል ወንድሜ፣ ስጠኝ፣ የኔም ትንፋሽ ጠማማ ነው አለኝ።» ስንደዶውን አውጥተው፣ «ታዲያ ለምን አቃጠልኩት አለ?»

«በምእመኑ ፊት የተናገረውን እንዴት ይመልሰው፣ አጎቴ?»

«ለኔ ለብቻዬ ቢነግረኝስ?»

«እርስዎስ መቼ ጠየቁት?»

ዋሽንቱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«እስቲ ይንፉት» አልኳቸው።

«በየትኛው ጥርስ? አንተው ንፋው።»

ነፋሁ። ጥሩ ድምፅ ነበረው። ብዙም ሳልቆይ እጃቸውን አነሱ።

«ይበቃል ልጄ። ትንፋሹ ያንተ ነው፤ የሱ አይደለም።»

ከዘራቸውን ፈልገው ተነሱ። የጴንጤዎች መቃብር ለብቻው ነው፤ ረግጠውት አያውቁም።

«ነይ ምሪኝ» አሏት። «የት እንዳስተኛችሁት እንኳ አላውቅም።»