ከሾላው ሥር ምዝገባ

መዋዕለ ሕፃናቱ በከባድ መሣሪያ ከነደደ ወዲህ፣ መምህር የሺጥላ ሕፃናቱን ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ሾላ ሥር እየሰበሰበ ቅጠል ያስለያል፣ ጠጠር ያስቆጥራል። አልጣሽም ልጇን ሰብሊን ልታስመዘግብ ይዛት መጣች።

መምህሩ ለትምህርት መድረሷን በዱሮው ልማድ ለካ። «ቀኝ እጅሽን በአናትሽ ላይ አሳልፊና ግራ ጆሮሽን ንኪ» አላት። ሰብሊ ብትንጠራራም ጣቷ ጆሮዋን አልነካም።

«ገና ናት፤ ለከርሞ ያምጧት።»

የአልጣሽ ደም ፈላ። «ከርሞን ማን አየው? አባቷም ለከርሞ ቤቱን ቆርቆሮ አለብሳለሁ እንዳለ አይደል ደጃፉ ላይ በጥይት የተደፋው!»

ይህን ስትል ከወንዙ ማዶ ተኩስ ተንጣጣ። ሕፃናቱ ማንም ሳይነግራቸው መሬት ላይ ተለጠፉ። ቆሞ የቀረው መምህሩ ብቻ ነበር። ጥይት የሾላውን ቅርፊት ቦጭቆ ትከሻውን በሳው።

ተኩሱ ጋብ ሲል አልጣሽ በደረቷ ተስባ ደረሰችና ነጠላዋን ቀዳ ቁስሉን ጠፍራ አሰረችው። ከዚያ በደም የተለወሰ ጣቷን ወደ ልጇ ቀሰረች። ሰብሊ አፈር ላይ ተደፍታ ሁለት ጆሮዋን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ይዛለች።

«ይኸው መምህር» አለችው፤ «ሁለቱንም ነካችልዎ። ይመዝግቧት።»