«ኖ» የማይባልበት ቤት

ሰውየው ፀጉሩ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ ፎጣ አገልድሞ ደረጃው ላይ ቆሟል። አዲሷ ተቀጣሪ ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ኋላ ቀና ብላ አየችውና፣ «ኖ ወተር» አለችው።

ከጎኗ የነበረችው ሶሪ ዓይኗን ጨፈነች። ሶሪ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ በዚህ ገስት ሃውስ ቀኑን ሙሉ «ሶሪ» ስትል ስለምትውል የጽዳት ሠራተኞቹ የለጠፉባት ነው። ተነሥታ፣ የደከመ ፊቷን እንደምንም አፍታታ፣ ለጊዜው የውሃ እጥረት እንዳለ፣ በቅርቡ እንደሚስተካከል፣ እስከዚያው በባልዲ እንደሚመጣለት በለሰለሰ እንግሊዝኛ አስረዳችው። ሰውየው እያጉረመረመ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

«ምን አጠፋሁ?» አለች አዲሷ። «ውሃው የለም አይደል እንዴ?»

«የለም። ግን የለም አይባልም።»

ሕጉ የባለቤቱ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ባለቤት፣ «ኖ» የተባለ እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ማዶ ካለው ሆቴል ይገባል የሚል እምነት አላቸው። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ችግሩ፣ ቤቱ ውስጥ ከሚገኘው ይልቅ የማይገኘው መብዛቱ ነው። ስለዚህ ሌላው ሰው እንግሊዝኛ ሲማር ያለውን ነገር ስም ሲያጠና፣ ሶሪ የሌለውን ነገር አባባል ስታጠና ኖራለች።

ዛሬ ያንን ሁሉ ለልጅቷ ማውረስ አለባት። ለውሃ «ሾርቴጅ» ነው አለቻት። ሾርቴጅ ሲባል ትንሽ አለ፣ ግን ለሁሉ አይዳረስም ማለት ነው፤ ሰው ያዝናል እንጂ አይቆጣም። ለቁርሱ እንቁላል «ረን አውት» ነው። ነበረ፣ አለቀ፤ እንግዳው ቀድሞት የበላውን ሰው ይረግማል እንጂ ቤቱን አይረግምም። አሳንሰሩ ደግሞ ከተተከለ ጀምሮ ንቅንቅ ብሎ ባያውቅም «አውት ኦፍ ሰርቪስ» ይባላል፤ ለጊዜው ከአገልግሎት ውጭ ሲባል ትናንት ሲሠራ የዋለ ይመስላል።

«መስኮት የሌለውን ክፍል ‹ዊዛውት ዊንዶው› ብለሽ እንዳታዋርጂን። ‹ክዋየት ሩም› ነው፤ ጸጥ ያለ ክፍል።»

ልጅቷ ሳቀች። «‹ላክ›ስ? ትምህርት ቤት የተማርኩት እሱን ነበር።»

«እሱን ለእንግዶቹ ተዪላቸው። ‹ላክ›፣ ጉድለት ማለት፣ እነሱ እኛን ሲከሱ የሚጽፉት ነው። የንጽሕና ላክ፣ የእንክብካቤ ላክ። ከእኛ አፍ አይውጣ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሶሪም አብራት ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን ልጅቷ እስከ ማታ ይህን ሁሉ ካልያዘች ጉድ ይፈላል። የሶሪ እናት ነገ ጠዋት የዓይን ሞራዋን የምትገፈፍበት ቀጠሮ አላት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተራዋ አልፏል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሶሪን ጠረጴዛው ላይ የሚተካ ሰው ጠፍቶ ነው። ሐኪም ቤቱ አስታማሚ ያልያዘ በሽተኛ አይቀበልም፤ ነገም ከቀረች ተራው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ፣ እሷም ከሰልፉ ጭራ እንደምትጀምር አስታውቋል። ጋሼ ደግሞ «ልጅቷ መልሱን ካወቀች ትሄጃለሽ» ብለዋል።

እናቷ ሻይ ስትቀዳ ጣቷን ብርጭቆው ውስጥ ትከታለች፤ መሙላቱን የምታውቀው ሲያቃጥላት ነው። ሶሪ ይህን በቅርቡ አይታ እንዳላየች ሆና አለፈች። ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ እየተሟሸች መጣች። የጠዋቱ ሰውዬ ለብሶና ተበጥሮ ወርዶ ካውያ ሲጠይቃት፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አንፎርቹኔትሊ»፣ በሚያሳዝን ሁኔታ፣ ብላ ጀመረችና ካውያው ለጥገና ሄዷል ብላ ሸፋፈነችለት፤ ሰውየው አመስግኗት ሄደ። ቤቱ ውስጥ ካውያ ኖሮ አያውቅም። ሶሪ ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት። ጠዋት ቀጥ ብሎ የመጣ አፍ በአንድ ቀን ሲጎብጥ አየች፤ ያጎበጠችውም እሷው ናት።

ማታ ላይ ጋሼ መጡ። ራሳቸው እንግዳ ሆነው ልጅቷን ስለ ውሃው፣ ስለ አሳንሰሩ፣ ስለ ክፍሉ ጠየቋት። አንዱንም አልሳተችም። ጋሼ ረክተው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ሶሪ ጠጋ አለች።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ነገ እኔ...»

«አዎ፣ አስቤበታለሁ» አሉ ድምፃቸውን አለስልሰው። «ነገ የሚገቡት እንግዶች በዝተዋል። ለጊዜው የሰው እጥረት አለብን። ትንሽ ብትታገሺ በቅርቡ እናመቻችልሻለን።»

ሶሪ አፍ አፋቸውን አየቻቸው። «ለጊዜው»፣ «እጥረት»፣ «በቅርቡ»። ጠዋት ሳሙና ለተቀባው ሰውዬ የሰጠችው መልስ ነው። ለእናቷም ሁለቴ የሰጠቻት ይኸንኑ ነበር፤ እናቷም ሁለቴ «ይሁን ልጄ» ብላ ተቀብላታለች። ሶሪ አፈረች። ቀጥሎ ተናደደች፤ የደከመ ሰው ንዴት ነውና ግን ጩኸት አልነበረውም።

«ጋሼ፣ ነገ የለሁም» አለች።

«ምን ማለት ነው?»

«የለሁም። እናቴን ይዤ ሐኪም ቤት ነኝ።»

ልጅቷ ኮምፒውተሩ ላይ አቀረቀረች። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። እንዲህ ያለ መልስ ከዚህ ጠረጴዛ ሰምተው አያውቁም።

«ከነገ ወዲያ ስትመጪ ቦታሽ እንደሚጠብቅሽ በምን አወቅሽ?»

«አላወቅሁም» አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ክፍሉ ጨለማ ነው። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ መብራት አላበራችም፣ ለእሷ ያው ነው። የልጇን ኮቴ ስትሰማ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። እንደ ልማዷ ውሎዋን ጠየቀቻት፣ እራት ከድና እንዳስቀመጠችላት ነገረቻት፣ ከዚያ ፈራ ተባ እያለች ወደ ነገሩ መጣች።

«ሰውዬሽ ፈቀደልሽ?»

ሶሪ ነገሩን ልታለሳልሰው ፈለገች። ቃሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ተወችው።

«አልፈቀደም።»

«ይሁን ልጄ» አለች እናቷ፣ ፊቷን መልሳ። «ሌላ ጊዜ ይደርሰናል።»

«ሥራውንም ሳላጣው አልቀርም» አለች ሶሪ መብራቱን እያበራች። «ነገ ግን እንሄዳለን። ሹራብሽ የት ነው ያለው? ጠዋት ይበርዳል።»