መስታወት ቆራጯ በባዶ እጇ

እሁድ ከሰዓት ነው። መስታወት ቆራጯ ሱቋን ከውስጥ ዘግታ ላፕቶፗን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ከፍታለች። ካርታ ያስተማራት አጎቷ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶብስ ሹፌር፣ ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀምጧል። የኢንተርኔቱ የፖከር ውድድር ሲጀመር ተጫዋቹ ብዙ ነበር፤ አሁን የቀሩት እሷና "ዝምተኛው" የሚል ስም ያለው ሰው ብቻ ናቸው። ያሸነፈ ወደ ትልቁ ውድድር ያልፋል።

ሁለት ድብቅ ካርታ ደረሳት፤ የልብ አስና አንድ ተራ ሦስት። ለሁለቱም የሚያገለግሉት አምስት ካርታዎች በየተራ ሲገለጡ ሦስቱ ልብ ሆኑ፤ ሦስተኛው ልብ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በእጁ ሁለት ልብ የያዘ ሰው አምስት ልብ ይሞላለታል፤ ይህም ከጥንዶች ሁሉ ይበልጣል። እሷ ያላት ግን አንድ ብቻ ነው፤ ጥንድ እንኳ አልገጠማትም። ዝምተኛው እያስያዘ፣ እሷ ዝም ብላ እየተከተለች እዚህ ደርሰዋል። በመጨረሻው ካርታ ዝምተኛው ጥቂት አስያዘ። እሷ ያላትን የመወራረጃ ጠጠር ሁሉ ገፋች።

"አበድሽ እንዴ?" አለ አጎቷ። ላለማየት ብሎ ተነስቶ ግድግዳውን ተደግፈው ወደቆሙት መስታወቶች ሄደ።

እሷ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። መስታወት አንዴ ከተጫረ በኋላ መስበር ነው እንጂ መመለስ የለም፤ ለሷ አዲስ ነገር አልሆነባትም። ዝምተኛው ሰዓቱ ሊያልቅበት ሲል ካርታውን ጣለ። ወዲያው እረፍት ሆነና መልእክት ላከ፤ "ሁለት ጥንድ ነው የጣልኩት፣ ንጉሥና ዘጠኝ። እውነት ልብ ነበረህ?" አጎቷ ተመልሶ መጥቶ መልስ ሊጽፍለት እጁን ሲዘረጋ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችው።

"እስቲ አስረጂኝ" አላት፣ ቁጣው ገና አልበረደለትም።

"ትልቁ ልብ፣ አሱ፣ እኔ ጋ ነው። ስለዚህ እሱ የሚተማመንበት ልብ የለውም።"

"ትንንሽ ሁለት ልብ ይዞ ቢሆንስ?"

"እንደዚያ ቢሆንማ ይሄኔ ተሸንፈን ወደ ቤታችን እየሄድን ነበር።"

ሳቀችና ቀጠለች። ልብ የሞላለት ሰው መጨረሻ ላይ ያስያዘውን ያሳድግ ነበር፤ ዝምተኛው ግን ሦስተኛው ልብ ሲመጣ ቀነሰ፤ ፈርቷል ማለት ነው። እሷ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ልብ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የተከተለችው። አጎቷ አገጩን እያሻሸ ሁሉንም ከመነሻው መረመረው። ሐሳቡ ላይ እንከን አጣ፤ አኳኋኗ ላይ ግን አገኘ።

"ቸኮልሽ። እጁን ሳያነሳ ነው የገፋሽበት። እውነት ያለው ሰው ምን ያህል ልጠይቅ ብሎ ትንሽ ያስባል። ሰውየው ይሄ ነገር አሁን ሆዱን እየበላው ነው፤ ሁለተኛ አይጥልልሽም።"

ትክክል ነበር፤ አመነችለት። "እንግዲህ አይጣልልኝ አጎቴ" አለችው። "እኔም እንዳይጥል ነው የምፈልገው።"

ጨዋታው ሲቀጥል የማይረቡ ካርታዎቿን ያለ ጭቅጭቅ እየለቀቀች ጠበቀች። ከዚያ ሁለት ሰባት ደረሳት፤ ከሚገለጡት መካከል ሦስተኛው ሰባት መጣላት። እንደ ቅድሙ ዝም ብላ ተከተለችው። መጨረሻ ላይ ዝምተኛው ሲያስይዝ፣ ሆን ብላ በቅድሙ ችኮላ ሁሉንም ገፋች።

አጎቷ በዚህኛው አልተነሳም። ነገሩ ገብቶት ከንፈሩን ነክሶ ተቀመጠ።

ዝምተኛው ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደም፤ ተቀበላት። የያዘው አንድ ጥንድ አስ ነበር። ሦስቱ ሰባቶች ሲገለጡ ስክሪኑ ላይ የእሷ ስም ብቻ ቀረ።

አጎቷ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ስልኩን አውጥቶ እህቱ ጋ፣ ማለትም እናቷ ጋ ደወለ። በባዶ እጃችን እንዴት አድርገን እንዳስጣልነው፣ ከዚያም በራሱ ጥርጣሬ እንዴት አድርገን እንዳጠመድነው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይተርክላት ጀመር። መስታወት ቆራጯ "እናንተ እነማን ናችሁ?" ልትለው ፈለገችና ተወችው። ችኮላዋን ያየላት እሱ ነው፤ ግማሹ ይገባዋል። ላፕቶፑን ዘጋችና የሱቁን በር ከፈተች።