ኮረብታው ላይ የተቀመጡ ፋይሎች

ሰኞ ጠዋት ተሾመች ኮምፒውተሩን ከፈተችና እጇ እንደ ልማዱ ማውሱን ይዞ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ጥግ ሄደ። የስታርት ምልክቱ የለም። ደግማ ሞከረች። አሁንም የለም። እንግዲህ ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት በግራ ሲገባበት የኖረውን በር ማን ወደ መሀል እንዳዛወረው ፈጣሪ ይወቀው።

ነገሩ የልጇ የኤሌኒ ሥራ ነው። እሑድ ጎፋ ወዳለችው የእናቷ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ መጥታ ያንን የሚያቃስት አሮጌ ኮምፒውተር አነሳችና በራሷ ወጪ አዲስ ተከለችላት። ፋይሎቹን አንድም ሳታስቀር ገለበጠች። “እማ፣ በፊደል ተራ ደርድሬልሻለሁ፤ ከእንግዲህ ፍለጋ የለም” ብላ ስማት ሄደች። ደግ ልጅ ናት። ደግ ልጅን ደግሞ አይቆጧትም፤ ዋጥ ነው።

የድሮው ስክሪን ላይ ሰማያዊ ሰማይና አረንጓዴ ኮረብታ ነበር። ተሾመች ምስሉን ሳትቀይር የኖረችው ስለወደደችው ብቻ አይደለም። የፍርድ ቤት ማመልከቻዎችን ሰማዩ ላይ፣ የዕድር ወረቀቶችን ኮረብታው አናት ላይ፣ የኪራይ ውሎችን ግርጌው ላይ ታስቀምጥ ነበር። ቦታውን እጇ ያውቀዋል። ፊደሉንም ጣቶቿ ከታይፕራይተር ዘመን ጀምሮ ሳያዩ ይመቱታል። ያስቸገራት ዓይኗ ነው። ከደከመ አራት ዓመት አለፈው፤ ቀለም ትለያለች፣ ጽሑፍ ግን ለእሷ የጉንዳን ሰልፍ ነው። “እኔ እጽፋለሁ፣ እርማት የደንበኛው ነው” የሚል ደንብ አውጥታ እስካሁን ማንም ሳያውቅባት ቆየች። ቢታወቅ ሱቋ መዘጋቱ ነው። ቤት ተቀምጦ መጦርን ደግሞ ከምንም በላይ ትፈራዋለች።

አራት ሰዓት ላይ የዕድሩ ጸሐፊ አቶ ኦልጅራ መጡ።

“እንደምን አደሩ፣ እትዬ ተሾመች? ያቺን የስብሰባ ጥሪ ያውጡልኝ፤ ቀኑን በእስክሪብቶ እሞላዋለሁ።”

ኮረብታ የለም። በተራ የቆሙ ትንንሽ ነጭ ነገሮች ብቻ ናቸው። ዕድር መሀል አካባቢ ይሆናል ብላ ገመተችና ከፈተች። ከላይ ወፈር ያለ አርእስት፣ ከሥሩ መስመር፤ የዕድሩም እንደዚሁ ነበር። አተመችው።

አቶ ኦልጅራ መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ፤ መሀል ላይ አቆሙ። ወረቀቱን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

“ይሄ የእኔ አይደለም፣ እትዬ። የሰው የፍቺ ማመልከቻ ነው። የዚሁ የሰፈራችን…” አልጨረሱትም። “አላየሁም። ነገ እመለሳለሁ።”

የተሾመች ፊት ጋለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ገመና በእጇ ሲያልፍ አንዲት ቃል ከዚያች ሱቅ ወጥታ አታውቅም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ “መብራት የለም” እያለች መለሰች፤ ፕሪንተሩ ከጀርባዋ ቦግ እልም እያለ።

በምሳ ሰዓት ኤሌኒ መጣች።

“የድሮዬን መልሺልኝ” አለቻት እናቷ፣ ሰላም እንኳ ሳትላት።

“እማ፣ እሱኮ አርጅቷል። ቆይ፣ ስታርቱን ወደ ግራ ላምጣልሽ። ኮረብታውንም ከኢንተርኔት አወርድልሻለሁ።”

አፍታም አልፈጀባት። ተሾመች ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ስታይ ነፍስ ዘራች።

“አሁን ፋይሎቹን ወደየቦታቸው።”

“ስማቸው ከሥራቸው ተጽፎ የለም እንዴ?” ኤሌኒ ሳቀች። “ፊደሉንም አተልቄልሻለሁ። እስቲ ይሄ ምን ይላል?”

ተሾመች አንገቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።

“እማ?”

“ቦታው ላይ አይደለማ! እንዴት ብዬ ልወቀው?”

የኤሌኒ ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ። እናቷን አየች፤ ስክሪኑን አየች።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“የመመረቂያ ጽሑፍሽን ስጽፍልሽ ነው የጀመረኝ። መጨረሻውን አንቺ እያነበብሽልኝ አልነበር የጨረስነው? ደክሞኛል ብዬሽ።”

ኤሌኒ ታስታውሳለች። ያን ቀን ተነጫንጫባታለች።

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ብነግርሽማ ቤት ታስቀምጪኛለሽ። ደክሞኛል ልጄ፤ መደበቁም ደክሞኛል። ቤት መዋሉን ግን አልችለውም።”

ኤሌኒ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

“የፍርድ ቤቱ የት ነበር?”

“ሰማዩ ላይ።”

አንድ በአንድ ወደየቦታቸው መለሷቸው። ሲያበቁ የተሾመች እጅ ራሱ ወደ ኮረብታው አናት ሄዶ አንዱን ከፈተና አተመ። ወረቀቱን ገና ትኩስ እንደሆነ አንስታ ለልጇ ዘረጋችላት።

“አንብቢልኝ።”

“የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት” ብላ ጀመረች ኤሌኒ፤ ከዚያ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ እናቷን አየች። የቀረውን ተሾመች እስከ ማኅተሙ ቦታ ድረስ በቃሏ ጨረሰችው።