በእኛ አቆጣጠር የተገዛ ጆሮ

ቅዳሜ ነበር። ከበየዳ እህል ጭነው የመጡት በቅሎዎች ገና ሳይራገፉ የጠይብ ሱቅ ሞልቷል። ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ካሉት የስልክ ጥገና ሱቆች የእሱ ትንሿ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ የቻርጀር ገመዶች። ከጠዋት ጀምሮ የሚሰማው አንድ ዓይነት ነገር ነው። "አድሰኝ ይለኛል።" "አፕዴት አድርግ ይላል።" "ትናንት እኮ ይሠራ ነበር።" ጠይብ ትናንት ይሠራ የነበረ ነገር ዛሬ ለምን እንደማይሠራ ማስረዳት ከተወ ቆየ። ስልኩን ይቀበላል፤ የሚጫን ካለ ይጭናል፤ ከሌለ ይመልሳል። የሚራገመውም የሚመርቀውም እኩል ያደክመው ጀምሯል።

አቶ አለነ በበሩ ጎንበስ ብለው ሲገቡ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ተነሡ። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ሳንቃ በር ላይ፣ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ጥበቃ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ከዳባት እስከ ደባርቅ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ፊት ይቀመጣል።

"ይቀመጡ አባባ" አለ ጠይብ። አልሰሙም። "ይቀመጡ!" ብሎ ጮኸ።

"ኧረ አትጩህ ልጄ። ድምፅህስ ይመጣል፤ ቃልህ ነው የማይመጣው።"

ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። የባቄላ ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት የጆሮ መስሚያዎችና አንድ ስልክ ነበሩበት። ጠይብ ያውቃቸዋል። መስሚያዎቹ የሚታዘዙት ስልኩ ውስጥ ባለ አፕ ነው፤ የሰውን ድምፅ ከነፋሱና ከመኪናው ጩኸት የሚለየው እሱ ነው። ስጦታ የምትባለው ልጃቸው አዲስ አበባ ገዝታ የሰጠቻቸው ቀን፣ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው የመናኸሪያውን ተጣሪ "ጎንደር፣ ጎንደር" ሲል ሰምተው ነበር፤ እንደ ሕፃን ሳቁ።

"ሐሙስ ማታ ራሱን አደሰ" አሉ። "ዓርብ ጠዋት ስነሣ ዶሮውም፣ ሚስቴም፣ የቆርቆሮው ንፋስም አንድ ላይ ሆኑብኝ።"

ስልኩ ቻርጅ እስኪሞላ ጥጉ ላይ የሚጠብቀው የባጃጅ ሾፌሩ ሙሰዓብ ቀበል አደረገ፦ "አባባ፣ የሚስትን ድምፅ ብቻ የሚያስቀር ካለ ለእኔም ይግዙልኝ!" ቤቱ በሳቅ ሞላ።

"ምን አለ?" አሉ አቶ አለነ።

ጠይብ ወደ ጆሯቸው ተጠጋ። "ሰላም አለዎት።"

"ለሰላምታ እንዲህ አይሳቅም" አሉ፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ።

ጠይብ አፑን ከፈተ። ነገሩ ረጅም ቢሆንም የሚለው አጭር ነበር። የመስሚያዎቹ አምራች አዲስ ደንብ አውጥቷል፤ ማሻሻያው በተገዙ እስከ አምስት ዓመት ላሉት በነጻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ይከፈልበታል። ካልተከፈለ መስሚያው አይዘጋም፤ ግን ድምፅ መለየቱን ይተዋል። የአቶ አለነ ነጻ ዘመን አልፏል ይላል።

"ዛሬ መሆን አለበት" አሉ ሽማግሌው፤ ፊቱን አይተው አንድ ነገር የገባቸው ይመስላል። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ የነዘቢደር እርቅ ነው።"

ጉዳዩን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ዘቢደር ሁለት ወንድሞች አሏት። ትልቁ ሃብተ ጊዮርጊስ ታሞ ሆስፒታል በተኛበት ክረምት፣ ታናሹ ዓለምብርሃን ድንበር ገፍቶ የወንድሙን መሬት አረሰ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገናኙ ፊት ይዟዟራሉ። ዛሬ ዓለምብርሃን ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊል እሺ ብሏል። በቅድሚያ ግን በደሉን ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለአቶ አለነ፣ ለብቻው ይናገራል። በእነሱ አገር ወግ ይህ ቃል አንገት ተደፍቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ይነገራል፤ አንድ ጊዜ ይነገራል። በዳይን "ድገመው" ማለት ሁለት ጊዜ ማንበርከክ ነው፤ ስንት እርቅ በዚያ ፈርሷል።

ጠይብ የመሣሪያውን መረጃ ገልጦ አየና ቆመ። የተገዛበት ዓመት፦ 2015።

"አባባ፣ መቼ ነበር የተገዛው?" አለ ወደ ጆሯቸው ተጠግቶ።

"በ2015፣ በኅዳር። ሚካኤል ማግስት።"

"በእኛ አቆጣጠር?"

"በማን ልቁጠር ታዲያ?"

ሙሰዓብ ከጥጉ ተነሥቶ መጣ። "ወይ ጉድ! በነሱ እኮ 2022 ነው። ሰባት ዓመት አስረጅተውታል፤ ገና አምስት እንኳ አልሞላውም!"

ጠይብ ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ሽማግሌው ከንፈሩን እያዩ አዳመጡና ትዝ አላቸው። "ስጦታ ስትመዘግበው 2022 ልታደርግ ነበር። ዘመኑ 2015 ሆኖ ሳለ ሐሰት አትጻፊ አልኋት። ዕቃው የሚያየው የፈረንጅ ቀን መሆኑን በምን ልወቅ?"

ጠይብ ቀኑን ሊያስተካክል ሞከረ፤ አይነካም። "የግዢ ደረሰኝ ይላኩ፤ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ ይሰጥዎታል" የሚል መጣ። ስጦታ ጋ ደወለ። ልጅቱ ወዲያው የደረሰኙን ፎቶ ላከች። ጠይብ አጉልቶ አየውና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሻጩም የአገሩ ሰው ነውና ደረሰኙ ላይ የጻፈው ኅዳር 2015 ነው።

"እንክፈልና እንገላገል" አለ ሙሰዓብ። "አዋጥተንም ቢሆን። የአባባ ጆሮ እኮ የሁላችን ነው።"

"በምን ይከፈላል? የውጭ ካርድ ነው የሚፈልገው። የእኛን አያውቀውም።"

"ኧረ ለመዘረፍም የውጭ ካርድ ይጠየቃል!"

አቶ አለነ አሁን አልጠየቁም። ምን እንደተባለ ከሁለቱ ፊት አንብበዋል። ጠይብ ለማያውቃቸው ሰዎች መሟገት ጀመረ፤ ድሮ ለደንበኛ ሁሉ ይለው የነበረውን። "እነሱም ሠራተኛ አላቸው አባባ። ቁጭ ብሎ የሚያሻሽለው ሰው ደመወዝ ይፈልጋል። እኔም ስጭን አስከፍላለሁ።"

ቃል በቃል ሲነግራቸው ጊዜ ወሰደ። ሰምተው ሲጨርሱ እንደ ችሎት እጃቸውን ከዘራቸው ላይ ደረቡ።

"አንተ ስትሠራ ታስከፍላለህ፤ ደግ። የሰው ልፋት በከንቱ አይበላም። አዲስ ነገር ቢጨምሩልኝ ዋጋ ይጥሩ፤ ካልተስማማኝ አዲሱ ይቅርብኝ። ሐሙስ የነበረኝን ግን ዓርብ ለምን ወሰዱት? በሬ የሸጠልህ ሰው ሌሊት መጥቶ የበሬውን እግር አስሮ፣ ጠዋት የመፍቻ አምጣ ይልሃል?"

"አይልም።"

"እንዲህ ብለህ ጻፍላቸው።"

"የሚያነበው ሰው የለም አባባ። ማሽን ነው የሚመልሰው።"

"እንግዲያ አገሩ ሽማግሌ የለውማ" አሉ፤ ከቁጣ ይልቅ ለዚያ አገር ያዘኑ ይመስሉ ነበር።

ጠይብ ሰዓቱን አየ፤ ሰባት ተኩል አልፏል። "ሱቁን ዘግቼ አብሬዎት ልሂድ? አጠገብዎ ሆኜ የሚለውን በጆሮዎ ልድገምልዎት።"

"ለአንድ ሰው የመጣ ቃል በሁለት ሰው አያልፍም ልጄ። አንተን ጠልቶ አይደለም፤ ያፍራል።" በከዘራቸው ስልኩን ጠቁመው "ለዘቢደር ደውልላት" አሉ። "ሌላ ሰው ያስቀምጡ። እኔ ያልሰማሁትን ሰማሁ አልልም።"

ጠይብ ደወለ። ዘቢደር መጀመሪያ አላመነችም፤ ቀጥሎ ድምፅዋ ተሰበረ። "ወንድም ጠይብ፣ እኔ ምን ልበል? ዓለምብርሃን እኮ ደርሷል። ድንጋዩን ተሸክሞ ግቢ ቆሟል፤ አረፍ በል ብንለው አሻፈረኝ አለ። ለአያ አለነ ካልሆነ ለማንም አልናገርም ብሏል። ትልቁ ደግሞ ዛሬ ካልሆነ ሁለተኛ እግሬን አላነሣም ይላል።"

ይህን ለሽማግሌው በጆሯቸው ተጠግቶ ቢነግራቸው አልሰሙትም፤ መጮህ ነበረበት። ሦስት ጊዜ ጮኸ። በሦስተኛው፣ ውጭ በቆሎ የሚሸጡት ሴቶች እንኳ ቀና ብለው አዩ፤ ግቢ ውስጥ ሊያልቅ የነበረው የሁለት ወንድማማች ገመና መናኸሪያ ላይ ወጣ። ጠይብ አፉን በእጁ ያዘ።

አቶ አለነ ግን የሰሙት አንዱን ብቻ ነበር።

"ድንጋይ ተሸክሟል?"

"አዎ።"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትተው መስሚያዎቹን በመሐረቡ ቋጥረው ኪሳቸው ከተቱ። ተነሡ።

"ወዴት ነው አባባ?"

"እርቁ ቢቀር ይቅር። ደረሰኙን ላክላቸው፤ ቀኑንም ተርጉመህ ጻፍ፤ የሚሉትን እናያለን። ልጁ ግን ለስንት ቀን ሊሸከመው ነው? ሄጄ በእጄ ላውርድለት። ለዚያ መስማት አያሻም።"

ሙሰዓብ ቻርጁ ያልሞላውን ስልኩን ነቅሎ ቀድሟቸው ወጣና ባጃጁን አስነሣ። ጠይብ ክንዳቸውን ይዞ አሳፈራቸው። ባጃጁ በቅሎዎቹን እየዞረ እስኪሰወር በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ገብቶ ተቀመጠ፤ የደረሰኙን ፎቶ አያይዞ በሚችለው እንግሊዝኛ ጻፈ። በአገራችን ዓመቱ ሌላ ነው፣ ይህ መሣሪያ አላረጀም፣ እባካችሁ። "እባካችሁ" የሚለውን አንድ ጊዜ አጥፍቶት ነበር፤ መልሶ ጻፈውና ላከው። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ጥያቄዎ ደርሶናል፣ ለትዕግሥትዎ እናመሰግናለን ይላል።