የተቀቀለው ልጣጭ

ፀሐይነሽ ጠርሙሷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየቻት። ከክዳኑ ሥር የተንጠለጠለችው ቁራጭ ወረቀት አሁንም ቢጫ ናት። ጠርሙሷ ውስጥ ያለው የካሳቫ ልጣጭ መርዝ ቢተፋ ኖሮ እንደ ጡብ መቅላት ነበረባት።

"ቢጫ ነው?" አለ ጓድ እሸቴ ከኋላዋ።

"ቢጫ ነው።"

"አበቃ። ከበላይ አካል የተላኩት እንግዳ ሲመጡ 'መርዝ የለውም' ብለሽ በአፍሽ ትነግሪያቸዋለሽ። ልጣጩ እሳቸው ፊት ይታደላል።"

እሸቴ ገርጂ ዳር የምትገኘው ያቺ ትንሽ ላቦራቶሪ ኃላፊ ነበር። ከዚያ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ አልነበረም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስልም። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ዘመን፣ ከደቡብ በተጫነ ካሳቫ አልኮል አውጥቼ መኪና አስነዳለሁ ብሎ ለበላይ አካል ቃል ገብቷል። እስካሁን የወጣው አልኮል የእሱን ሞተር ሳይክል ከበሩ እስከ ዋርካው አድርሶለታል፤ ያውም ሰው እየገፋው። ሥሩ ሲላጥ የሚቆለለውን ልጣጭ ደግሞ ለሰፈሩ ላም አርቢዎች በነጻ ላድል ብሎ ተነሣ። ድርቁ በበረታበት በዚያ ዓመት ሣር እንደ ሐር ተወድዶ ነበርና ሰው ጆንያ ይዞ በሩ ላይ ተኮለኮለ።

ፀሐይነሽ፣ አፈሩ ይቅለላትና፣ ሰው መናቅ ታውቅበት ነበር። ንቀቷ ግን ድምፅ አልነበረውም። እሸቴ በውይይት ክበብ ሲደሰኩር ጥግ ይዛ ሹራብ ትሠራለች፤ አንዳንዴ ቀና ብላ ፈገግ ትላለች። ያደነቀችው ይመስለዋል። ቤት ገብታ፣ "በሆዴ ልክ ልኩን ነግሬዋለሁ። በሆድ የተሰደበ አያሳስርም" ትላለች። ከዚያ እንዳሸነፈ ሰው እግሯን ታጥባ ትተኛለች።

ዛሬ ግን የወረቀቷ ቢጫነት አላማራትም። ከዚሁ ተክል የመጣው ቅጠል በዚህ ሳምንት ወረቀቱን ደም አስመስሎት ነበር። ጠርሙሷን ከፍታ ልጣጩን በወረንጦ አወጣችው። በጣቶቿ ስትነካው እንደ ተቀቀለ ድንች ፈረሰ።

"ይሄ ተቀቅሏል" አለች።

"እኔ ነኝ ያስቀቀልኩት።" እሸቴ የካኪ ኮቱን ወደ ታች ሳብ አደረገ። "እንግዳው መጥተው ጠርሙስ ውስጥ ጭቃ ሊያዩ ነው? አሳጥቤ አስቀቀልኩት። ጽዳት የአብዮት መልክ ነው።"

"ጓድ እሸቴ፣ እኔ የምለካው እኮ የልጣጩ ኢንዛይም የሚያስወጣውን መርዝ ነው። መርዙ በልጣጩ ውስጥ እንደተቆለፈ ይቀመጣል። ላሟ ስታኝከው ኢንዛይሙ ይከፍተዋል። እርስዎ ቁልፉን ቀቅለው ገደሉትና አሁን ሳጥኑ ባዶ ነው ይሉኛል።"

"ካስፈለገ እነሱም ቀቅለው ይስጧቸዋ።"

"ቢቀቅሉትም የላም ሆድ የራሱን ቁልፍ አያጣም። በጆንያ የሞሉላቸው ደግሞ ጥሬውን ነው።"

"ይሄ የንዑስ ከበርቴ ጥርጣሬ ነው፣ ጓዲት። ረቡዕ በውይይት ክበብ ታነሺዋለሽ።"

"እስከ ረቡዕ ላሞቹ ያልቃሉ።"

እሸቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ኃይለሚካኤልም ጥርጣሬ ያበዛ ነበር። ረሳሽው?"

አልረሳችውም። የመጋዘኑ ሠራተኛ ኃይለሚካኤል ከተወሰደ ወዲህ የምሳ ሳሕኑን ከመደርደሪያው ላይ የሚያነሣ ደፋር አልተገኘም። ፀሐይነሽ እንደ ልማዷ ፈገግ አለች። እሸቴ ረክቶ እንግዳውን ሊጠብቅ ወደ በሩ ሄደ።

እሷም ተከተለችው። በሩ አጠገብ ሸሪፋ የተሞላላትን ጆንያ ተደግፋ ቆማለች። የፀሐይነሽ ልጅ ኩፍኝ ይዟት በነበረ ጊዜ ወተት ያመላለሰችላት ጎረቤቷ ናት።

"እትዬ ፀሐይነሽ፣ መርማሪዋ እርስዎ ነዎት አሉ" አለች ሸሪፋ። "ላሜን ቡሬን ምን እንደማበላት ያውቃሉ? የጎጆዬን ክዳን። ወላሂ፣ ጣሪያዬን ጨርሳለች፤ ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ።"

"ይሄን እስካሁን አልሰጠሻትም?"

"ትእዛዝ ሳይሰጥ እንዳትንቀሳቀሱ ተብለናል። እርስዎ ደህና ነው ካሉ ደህና ነው።"

ፀሐይነሽ እሸቴን በሆዷ ሰደበችው። አባቱን ጨምራ ሰደበችው። እንደ ወትሮው አልጣማትም። የእሷ በሆድ መሳደብ ለቡሬ ምን ይፈይዳል?

ጎንበስ ብላ ከጆንያው አንድ ጥሬ ልጣጭ አወጣች። በድንጋይ ወቅጣ ከጥቂት ውሃ ጋር ከኪሷ ባወጣችው ጠርሙስ ውስጥ ጨመረችው። አዲስ ቢጫ ወረቀት አንጠልጥላ ከደነችና በጋውኗ ውስጥ ብብቷ ሥር ሸጎጠቻት።

"እንደ ጨቅላ አቀፏት እኮ" አለች ሸሪፋ።

"ሙቀት ትወዳለች።"

ይህን ብላ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። እሸቴ በሩጫ መጣ።

"ምን እያደረግሽ ነው? ተነሺ፤ የእንግዳው መኪና ከመገናኛ በኩል ሲመጣ ታይቷል።"

"ወረቀቷ እስክትቀላ አልነሣም። ካልቀላች ልጣጩን እኔው ራሴ ቡሬን አጎርሳታለሁ።" ድምጿ በሩ ላይ ለቆመው ሰው ሁሉ የሚሰማ ነበር።

"ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"እንደ ገላዬ ሙቀት ነው። ዛሬ ደግሞ ሞቆኛል።"

እሸቴ ዙሪያውን አየ። ሸሪፋ የጆንያዋን ገመድ እጇ ላይ ጠመጠመችው። ከኋላዋ የቆሙትም ወረቀቷን ሊጠብቁ ጆንያቸውን መሬት አስቀመጡ።

"ይሄ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው" አለ እሸቴ። "ምን እንደሚከተል ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ። የኃይለሚካኤልን ሳሕን አይቻለሁ።"

ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ዘበኛው መጀመሪያ እሸቴን፣ ቀጥሎ ፀሐይነሽን አየና በሩን መክፈት ጀመረ። ፀሐይነሽ ክንዷን ጠርሙሷ ላይ ጠበቅ አድርጋ፣ እግሯን ሰብስባ፣ ጆንያው ላይ ይበልጥ ተደላደለች።