የመቶ ሰማንያ ሰው ምሳ

በታብሌቱ ስሌት መሠረት እትዬ ሻሽቱ ከእኔም ከአለቃዬም የተሻለ ይበላሉ። በሳምንት ለአንድ ሰው ከአሥር ሺህ ብር በላይ ይላል። የእኔ የወር ደሞዝ ዘጠኝ ሺህ ነው።

ቁጥሩን ደግሜ አየሁና ቀና ብዬ እሳቸውን አየሁ። ከሁሩሙ ከተማ አንድ ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ፣ የጭቃ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። አንገታቸው ላይ ያለው እንቅርት የሕፃን ጭንቅላት ያህላል፤ ሲተነፍሱ ያፏጫሉ። መቱ ሆስፒታል ያያቸው ሐኪም እብጠቱ የአየር ቧንቧቸውን እየተጫነ ስለሆነ በዚህ ወር ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ብሏል። ቀዶ ጥገናው በነጻ የሚሆነው የጤና መድህን የነጻ ካርድ ካገኙ ነው። ካርዱ የሚሰጠው የነፍስ ወከፍ ፍጆታው ከተቀመጠው ወሰን በታች ለሆነ ቤት ነው። ቅጹን የምሞላው እኔ ነኝ፤ መላኪያው ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። አሁን ስምንት ተኩል ሆኗል።

"አለፍኩ?" አሉኝ።

"ገና ነው።"

ችግሩ ቀኑ ነበር። ቅጹ ባለፉት ሰባት ቀናት በዚህ ቤት ምን እንደተበላ ይጠይቃል። ባለፈው ቅዳሜ የባላቸው ተዝካር ነበር። የባላቸው ወንድሞች በሬ አመጡ፤ እድርተኛው እህልና ጠላ አመጣ። መመሪያው ደግሞ በስጦታ የመጣ ምግብም የተቀባዩ ቤት ፍጆታ ነው ይላል። በሬው በገበያ ዋጋ ሰባ ሁለት ሺህ ብር ሆነ። "ከቤተሰቡ ውጭ ስንት ሰው በላ?" የሚል መቀነሻ ጥያቄ አለ። መቶ ሰማንያ ብዬ ስጽፍ ዜሮዋን አልቀበል አለና አሥራ ስምንት ሆኖ ቀረ። ሳጥኑ የሚይዘው ሁለት አኃዝ ብቻ ነው። ዘጠና ዘጠኝ አልኩት። የቀረው የሰማንያ አንድ ሰው ምግብ እትዬ ሻሽቱና ሁለት ልጆቻቸው ሆድ ገባ። ባልየው ቢኖሩ ለአራት ይካፈል ነበር። ሞታቸው ቤቱን ወረቀት ላይ አበለጸገው።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ፣ ብሔራዊ ገቢ ለሕዝብ ብዛት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የኑሮ ደረጃን ለመለካት ምን ጉድለት አለው የሚል የፈተና ጥያቄ መጥቶልኝ ነበር። አምስት ነጥብ ዘርዝሬ ሙሉ ማርክ አገኘሁ። ከአምስቱ አንዱም ዛሬ አልረዳኝም።

ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጣሁና ለናትናኤል ደወልኩ። መቱ ተቀምጦ ቅጾቻችንን የሚቀበለው ተቆጣጣሪ ነው።

"ሰማንያ አንድ ሰው ተርፎብኛል" አልኩት፤ ነገሩን አስረዳሁት።

"ከመቶ ሰው በላይ የሚጋብዝ ቤት ድሃ አይደለም ብለው ይሆናል እንዲህ የሠሩት" ብሎ ሳቀ።

"አትቀልድ። ሴትዮዋ መተንፈስ አቅቷቸዋል።"

"እና ፕሮግራሙን እኔ ሠራሁት? እንዳለ ላኪው። የወረዳው አማካይ ፍጆታ ከአምናው ከፍ ብሏል፤ ሐሙስ ስብሰባው ላይ ኃላፊዎቹ ደስ ይላቸዋል።"

"ከፍ ያደረገው ተዝካር ነው እኮ!"

"ስሚ አቢጋኤል፣ ቁጥር ብትነካኪ አውቃለሁ። ባለፈው ወር የተባረረውን ልጅ አትርሺ።"

አልረሳሁም። ይህችን የሦስት ወር ኮንትራት ያገኘሁት ከተመረቅኩ በኋላ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጬ ነው። እስከ ሰኞ ብጠብቅ ተዝካሩ ከሰባቱ ቀን ይወጣ ነበር፤ ዝርዝሩ ግን ዛሬ ይዘጋል። ታብሌቱን ይዤ ወረድኩ።

"ምን አሉ?" አሉኝ እትዬ ሻሽቱ።

"ብዙ በልታችኋል አሉ።"

"እኔ? እኔ የዚያን ቀን ውሃ እንኳ በጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኝ ነው የዋልኩት!"

ግቢውን አየሁት። ሦስት የቡና እግር፣ አንድ የእንሰት ጥግ፣ ከዚያ አጥር። "መቶ ሰማንያ ሰው እዚህ ነው የተቀመጠው?" አልኩ በንዴት።

"ኧረ የት ይበቃል! እዚህ ሴቶቹ ናቸው። ወንዶቹ የበሉት ፋኦል ግቢ ነው። በሬውም የታረደው እዚያ ነው፤ ወደዚህ የመጣው ግማሹ ሥጋ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ?"

እውነታቸውን ነው፤ አልጠየቅኩም። ታብሌቱም አይጠይቅም።

ጋሼ ፋኦል የሟች ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከአጥሩ ማዶ ከስምንት የቤተሰብ አባላት ጋር ይኖራሉ። የእሳቸው ቅጽ የቀኑ የመጨረሻ ሥራዬ ነበር። ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

"እኔ ግቢ?" አሉ ገና ስጀምር። "ማንም አልበላም።"

"ድንኳኑ እዚህ አልነበረም?"

"ድንኳን ጥላ ነው እንጂ ምግብ ነው እንዴ?"

የበሬው ቆዳ አጥራቸው ላይ ተወጥሮ ይደርቃል። በጣቴ አሳየኋቸው። "ይሄንንስ ነፋስ አመጣው?"

ከውስጥ ሚስታቸው እትዬ ሊቺ ሲስቁ ተሰማኝ። ጋሼ ፋኦል ግን አልሳቁም። ቀረብ ብለው በኦሮምኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንዷ ልጃቸው የሚጥል በሽታ እንዳለባትና መድኃኒቷን የሚያወጡት በካርድ መሆኑን ነገሩኝ። "በሬ በላ ብለሽ ከጻፍሽኝ ካርዴ ይሄዳል፤ ልጄ።"

"ካልጻፍኩ የእትዬ ሻሽቱ ይቀራል።"

 ከአጥሩ ማዶ የእትዬ ሻሽቱ የትንፋሽ ፉጨት ይሰማል።

"መጀመሪያ የእርስዎን ልሙላ፤ ውጤቱን አብረን እናያለን" አልኳቸው።

"ወሰኑን ካለፈስ?"

"አላውቅም።"

ሌላ ነገር ብላቸው ውሸት ይሆን ነበር። ግማሽ በሬ ጻፍኩ። እንግዳው ዘጠና፤ ሳጥኑ ሳያንገራግር ተቀበለው። ከዚያ እህሉን፣ ጨውን፣ ጋዙን፣ የልጆቹን ደብተር። ታብሌቱ ማስላት ሲጀምር ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀለበት ትዞር ጀመር። ጋሼ ፋኦል ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብለው አብረውኝ አዩ። ባትሪው አሥራ አንድ በመቶ ቀርቶታል።

ከወሰን በታች።

"በታች ጥሩ ነው?" አሉኝ።

"ጥሩ ነው።"

ሮጬ ወደ እትዬ ሻሽቱ ተመለስኩ። ግማሽ በሬ፣ ዘጠና ሴቶች፣ ሦስት ቤተሰብ። ከወሰን በታች፤ በጥቂት መቶ ብር። ሁለቱንም ቅጽ ይዤ ጉብታው ላይ ስወጣ ጋሼ ፋኦል ተከተሉኝ። ቅጾቹን ላክኩ፤ ስልኬ ወዲያው ጠራ።

"ቅድም ሀብታም የነበረች ሴት አሁን ድሃ ሆናለች" አለ ናትናኤል። "ምን አደረግሽ?"

"ጠየቅኳቸው። ግማሹ እንግዳ የበላው ጎረቤት ግቢ ነው።"

"ጎረቤቱ ራሱ ይንገረኝ። አለበለዚያ ሁለቱንም እሰርዛለሁ፤ አንቺንም አመለክታለሁ።"

ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ ለጋሼ ፋኦል ሰጠኋቸው። አሥር ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው።

"ጋሼ፣ እርስዎ ግቢ በእርግጥ ዘጠና ሰው በልቷል?" አለ ናትናኤል።

 ስልኩን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ከታች ያለውን ቤታቸውን አዩ። አልበላም ቢሉ አለቀ፤ ምንም ማስረጃ የለኝም። 

"ይሄ ነገር ግብር ላይ ይደርሳል?" አሉ በመጨረሻ።

"አይደርስም፤ ጋሼ።"

"ከማልክልኝ እሺ።"

"እምላለሁ።"

"ኤዬ፣ አዎ፤ በልቷል። እንደውም ዘጠና ሁለት ነው። ሁለቱ ጠላው በዝቶባቸው እዚያው ነው ያደሩት፤ ጠዋትም በልተው ነው የሄዱት።"

 "ዘጠና ሁለት ብለሽ አስተካክይና ላኪ" ብሎ ናትናኤል ስልኩን ዘጋው።

አሥር ሰዓት ከሃምሳ ላይ ሁለቱም ቅጽ ተጠናቅቆ ሄደ። ባትሪው አራት በመቶ ነበር። ስወርድ እትዬ ሻሽቱ አጥሩን ይዘው ቆመው ጠበቁኝ።

"ድሃ ሆንኩ?"

"ሆነዋል። ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል።"

"ተመስገን" አሉና እዚያው ቁጭ አሉ፤ ቆመው መቆየት አልቻሉም።

ጋሼ ፋኦል ደጃቸው ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ሊቺ! እስከ ወር መጨረሻ ድረስ ይሄ ድስት ከጎመን ሌላ እንዳያይ!"

"ቅጹ ሄዷል እኮ፤ ጋሼ" አልኳቸው። "ከአሁን በኋላ የሚበሉት አይቆጠርም።"

"እሱ አንቺ የምትይው ነው" አሉኝና በሩን ዘጉት።